ለመተማ መንገድ የሚስማማ ጎማ

ከጎንደር በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚወርደው ዋና መንገድ አስፋልት ነው፤ ወደ ሰሊጡ እርሻ ሲታጠፉ ግን መሬቱ ዋልካ ነው። ስለዚህ ከፍ ለተደረገ መኪና ጎማ ስንመርጥ ሁለቱንም ማሰብ ይገባናል።

ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ አስፋልትን አጥብቆ ይይዛል፤ በዋልካ ግን ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ስለሚሞላ ያንሸራትታል። ጥርሱ የተራራቀው ጭቃውን እየጣለ ያልፋል፤ ነገር ግን በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አያቆምም። ከፍ ያለ መኪና ለመገልበጥ ቅርብ ነውና፥ በቁልቁለቱ ኩርባ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ደግሞም ቁመቱ ከቀድሞው በ10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ከተገጠመ፥ የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲያሳይ መኪናው በ88 ኪሎ ሜትር ይሮጣል።

በእኛ አስተያየት፥ አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልት ለሚሄድ ሰው ጥርሱ በመጠኑ የተራራቀ ጎማ ይሻላል። በክረምት ዋልካው ከራሰ ግን፥ ጎማን ከማመን መሬቱ እስኪጠነክር መቆየት ይበልጣል።