ባላስቱ 40 ኦም ነው፤ ታዲያ ለምን አይቃጠልም?

የድሮውን ረጅም የፍሎረሰንት መብራት ፈትቶ የሚያውቅ ሰው ያንን ከባድ የብረት ሳጥን አይረሳውም፤ ባላስት የሚባለውን። የ36 ዋት መብራት ባላስት በመልቲሜትር ሲለካ 40 ኦም ገደማ ሊያሳይ ይችላል። የኦምን ሕግ የተማረ ልጅ ወዲያው ያካፍላል፦ 220 ቮልት ለ40 ኦም፣ 5.5 አምፒር። በዚህ ካረንት ባላስቱ ብቻውን 1210 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ወጥ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ምድጃ ሆነ ማለት ነው። ባላስቱ ግን ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ዓመታት ይቆያል፤ ቢሞቅም አይቃጠልም።

ማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ ያለው 40 ኦም የሚለውን ቁጥር ለግድግዳው ኤሌክትሪክ መጠቀሙ ላይ ነው።

መልቲሜትር ኦም የሚለካው በራሱ ባትሪ፣ ማለትም በዲሲ ነው። ከሶኬት የሚመጣው ግን ኤሲ ነው፤ በኢትዮጵያ ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ ስለሆነ ካረንቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል። ባላስቱ ውስጥ ያለው በብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ፣ ኮይሉ፣ ይህን መለዋወጥ አይወድም። ካረንቱ በተለወጠ ቁጥር ማግኔታዊ መስኩም ይለወጣል፤ የመስኩ ለውጥ ደግሞ ለውጡን የሚቃወም ቮልቴጅ እዚያው ኮይሉ ውስጥ ይፈጥራል። ይህ ተቃውሞ ሪአክታንስ ይባላል። የሽቦው ሬዚስታንስና ሪአክታንሱ ተጣምረው የሚሰጡት ጠቅላላ ተቃውሞ ኢምፒዳንስ ነው፤ እሱም የሚለካው በኦም ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የኮይሉ ኢንደክታንስ፣ ማለትም የካረንት ለውጥን የመቃወም አቅሙ፣ 1.2 ሄንሪ ነው እንበል። ሪአክታንሱ 2 × 3.14 × 50 × 1.2 ሲሆን 377 ኦም ይመጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ 40 ደምሮ 417 ይላል። እንዲያ አይደመርም፤ ምክንያቱም በሬዚስታንሱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከካረንቱ ጋር እኩል ሲወጣና ሲወርድ፣ በኮይሉ ላይ ያለው ግን ሩብ ዙር ቀድሞ ጫፍ ይደርሳል። ሁለቱ በ90 ዲግሪ የተለያዩ ስለሆኑ የሚጣመሩት በፓይታጎረስ ነው፦ የ40 ካሬ 1600፣ የ377 ካሬ 142129፤ ድምሩ 143729። የዚህ ስኩዌር ሩት 379 ኦም ነው።

220 ለ379 ሲካፈል 0.58 አምፒር። ይህ መብራቱን የሚያስነሳው ስታርተር ተዘግቶ፣ መብራቱ ገና ሊበራ ሲል የሚያልፈው ካረንት ነው። ከበራ በኋላ ቱቦው የራሱን የቮልቴጅ ድርሻ ስለሚወስድ ወደ 0.43 ገደማ ይወርዳል። በዋናነት ሙቀት የሚሆነው 40 ኦሙ ላይ የሚባክነው ነው፤ በ0.58 አምፒር 13 ዋት ያህል። ኮይሉ ግን በአንዱ ሩብ ዙር የወሰደውን ኃይል በሚቀጥለው ይመልሳል።

ነገሩን በስሌት መልክ ያስያዙት የቴሌግራፍ ዘመን ሰዎች ናቸው። ኢምፒዳንስ የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣው የቀድሞ የቴሌግራፍ ሠራተኛው እንግሊዛዊ ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። በ1893 አርተር ኬኔሊ በኮምፕሌክስ ቁጥር እንዴት እንደሚሰላ አሳየ።

ካፓሲተር ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። የካፓሲተር ሪአክታንስ የሚገኘው 1ን ለ2 × 3.14 × 50 × ካፓሲታንሱ በማካፈል ነው፤ ለ4 ማይክሮፋራድ 796 ኦም ይሆናል። ከባላስቱ ጋር በሲሪየስ ቢገናኝ ሁለቱ ሪአክታንሶች ተቃራኒ ስለሆኑ ይቀናነሳሉ፦ 796 ሲቀነስ 377፣ 419። ከ40 ጋር ሲጣመር 421 ኦም። ኮይል ተጨምሮበት ተቃውሞው ከካፓሲተሩ ብቻ አነሰ! ካረንቱ 0.52 አምፒር ስለሆነ ካፓሲተሩ ላይ 416 ቮልት ያርፋል፤ ከሶኬቱ 220 ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ለ250 ቮልት የተሠራ ካፓሲተር እዚህ ቦታ ቢገባ ይበላሻል።

ካፓሲተሩ 8.4 ማይክሮፋራድ ቢሆንስ? ሁለቱ ሪአክታንሶች ይጠፋፋሉና 40 ኦሙ ብቻ ይቀራል፤ ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው። በስሌቱ 5.5 አምፒር ይመጣል፣ በካፓሲተሩም ላይ ከ2000 ቮልት በላይ። የእውነተኛ ባላስት ብረት ከዚያ በፊት ስለሚጠግብ ቁጥሩ በትክክል እዚያ አይደርስም፤ ሙከራው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ በወረቀት ላይ ብቻ ይቅር።

ኢንደክታንሱ ያልተጻፈበት ኮይል ያጋጠመው ባለሙያ በተገላቢጦሽ ይሠራል። ኮይሉ ላይ ያለውን የኤሲ ቮልቴጅ በሚያልፈው ካረንት ሲያካፍል ኢምፒዳንሱን ያገኛል፤ 380 ኦም እንበል። ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር ይለካል፤ 40። ከ380 ካሬ ላይ የ40ን ካሬ ቀንሶ ስኩዌር ሩት ሲያወጣ 378 ይመጣል። ይህን ለ314 (ለ2 × 3.14 × 50) ሲያካፍል ኮይሉ 1.2 ሄንሪ ገደማ መሆኑን ያውቃል።