ቦንጋ ላይ ፍየል ከመግዛትዎ በፊት አጥሩን ይግዙ

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው ተረት ለቸኮለ ሰው ይተረትበታል። ለፍየል ነጋዴ ግን ቃል በቃል የሒሳብ ጉዳይ ነው። ለመስቀል ወይም ለፋሲካ ገበያ አስቀድሞ ሃያ ሠላሳ ፍየል ሰብስቦ፣ ሁለት ሦስት ወር ቀልቦ በበዓሉ ዋዜማ ሙክት ለመሸጥ ያሰበ ሰው፣ ከመኖውም ከመድኃኒቱም በፊት ሊያስብበት የሚገባው አጥሩን ነው። ከአንድ ፍየል የሚጠበቀው ትርፍ የመግዣዋ አንድ አምስተኛ ቢሆን፣ አንዲት ፍየል ስትጠፋ የአምስት ፍየል ትርፍ ተከትሏት ይሄዳል።

ቦንጋ በነጋዴው ዘንድ ይበልጥ ስሟ የሚነሣው በበጓ ነው። በአዲዮ ወረዳ አርሶ አደሮች ተደራጅተው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ምርጥ አውራ በግ እየለዩ በማርባታቸው፣ የቦንጋ በግ ከከፋ ዞን ውጭም ፈላጊ አግኝቷል። ፍየሉም ቢሆን ስም የለሽ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሞ በወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍየሎች ጥናት ከተለዩት 14 ዓይነቶች አንዱ «የከፋ ፍየል» ነው። ችግሩ በበግ የለመደ ሰው ፍየልንም በዚያው አጥር ሊይዛት መሞከሩ ነው። በግ ያቆመ አጥር ፍየል አያቆምም። በግ አጥር ሲያጋጥማት ትመለሳለች፤ ፍየል ግን በሥሩ ታሾልካለች፣ በመሐሉ ትገፋለች፣ ካልሆነላትም ትወጣበታለች።

ከፋ ላይ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ያለው ብዙ ጊዜ የጎረቤት ቡና፣ እንሰት ወይም ኮረሪማ ነው። የተበላ የቡና ችግኝ እንደ ቅጠል አይገመትም፤ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት የሚጠበቅ ንብረት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥና ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። «እረኛው ተዘናግቶ ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም። የአገሬው ሰው ፍየሉን በገመድ የሚያስርበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሆኖም ገመድ ለሦስት ፍየል እንጂ ለሠላሳ አይሆንም።

ብዙው ኢንቨስተር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሾሃማ ሽቦ ነው፤ ይረክሳል ብሎ። እስቲ እናስላው። 50 በ50 ሜትር የሆነ ግቢ ዙሪያው 200 ሜትር ነው። ለከብት ሦስት አራት መስመር ይበቃ ይሆናል። ለፍየል ግን መስመሮቹ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ ስለዚህ 1 ሜትር ከ20 ለመድረስ ስምንት መስመር፣ ማለትም 1,600 ሜትር ሽቦ ይገባል። በዚህ ላይ እሾሁ ቆዳ ይጭራል፣ ጡት ይቀዳል። የቆዳ ዋጋ ወድቋልና ግድ የለም የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ቁስል ያየ ደላላ የሚከራከረው በቆዳው ሳይሆን በፍየሏ ዋጋ ላይ ነው።

የእኛ ምርጫ የተጠለፈ የሽቦ መረብ ነው። ቁመቱ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20፣ ቀዳዳው ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ይሁን። ቀዳዳው 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቀንድ ያላት ፍየል ጭንቅላቷን አስገብታ መመለስ ያቅታታል፤ ውሻ ወይም ጅብ የሚያገኛትም እንዲህ ተይዛ ነው። የዶሮ ሽቦ ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው፤ ፍየል የፊት እግሯን ጭና በሳምንት ታጎብጠዋለች። የግቢውም ቅርጽ ዋጋ አለው፤ ያው ሩብ ሄክታር 25 በ100 ቢሆን ዙሪያው 250 ሜትር ይሆናል።

ቋሚው ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የከፋ ዝናብ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ያልታከመ የባሕር ዛፍ አጣና በእንዲህ ያለ እርጥብ አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ምስጥም አይምረውም። ሽቦው ደህና ሆኖ ቋሚው በስብሶ የተኛ አጥር ማየት ብርቅ አይደለም። የታከመ እንጨት ካልተገኘ አጣናውን ልጦ በሚገባ ማድረቅ፣ የሚቀበረውን ጫፍ መለብለብና የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ዘዴ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ይቀበር፣ በየ3 ሜትሩ ይተከል፤ ለ200 ሜትር 67 ያህል ቋሚ ማለት ነው። የማዕዘኑ ደጋፊ እንጨት በውጭ በኩል ይሁን፤ በውስጥ ከሆነ መሰላል ሠሩላት ማለት ነው። እንጨቱን ከጫካ እቆርጣለሁ የሚል ካለ ይተወው፤ የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል።

ሕያው አጥር ርካሽና ለዘለቄታው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚበላ ተክል ተክሎ አጥር ሠራሁ ማለት አይቻልም። ኮርች ለምሳሌ ቶሎ ይይዛል፣ ፍየልም ቅጠሉን ትወደዋለች። ሰንሰል በአንጻሩ እንስሳ ብዙም አይነካውም። ቢሆንም ግንዱ ጠንክሮ እስኪተሳሰር ድረስ የሽቦው አጋዥ እንጂ ምትክ አይሆንም። በፀሐይ ኃይል የሚሠራው የኤሌክትሪክ አጥር በሌላው ዓለም ለፍየል ተስማምቷል። ቦንጋ አካባቢ ግን በክረምት ሣሩ በፍጥነት ያድጋል፤ ሽቦውን ሲነካው ኃይሉ ወደ መሬት ይሄዳል። በየሳምንቱ የሚያጭድ ሰው ለሌለው አይመከርም።

በሩን አንርሳ። ፍየል መቀርቀሪያ መክፈት ትማራለች፤ ስለዚህ መዝጊያው በውጭ በኩል ሆኖ በሰንሰለት ይታሰር። ከተለያየ ገበያ የተሰበሰቡ ፍየሎች የመጀመሪያዎቹን ቀናት መንጋቸውን ፍለጋ ይቅበጠበጣሉና በጠባቡ ማደሪያ ተይዘው ይሰንብቱ። አይሱዙው ከመራገፉ በፊትም በአጥሩ ዙሪያ አንዴ ሄዶ፣ መረቡን በጉልበት ከፍታ በእጅ እየገፉና ከሥሩ ያለውን ክፍተት እያዩ መፈተን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።