ከሴራሚኩ በፊት

ያረጀ ወጥ ቤት እንዳድስ ስጠራ ብዙ ጊዜ የማገኘው ሁለት ባለጉዳይ ነው፤ አንዱ ገንዘቡን የሚከፍለው፣ ሌላዋ እዚያው ቆማ የምትውለው። ከፋዩ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል፦ ነጭ ካቢኔት፣ ጥቁር ግራናይት፣ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ሴራሚክ የለበሰ ግድግዳ። እናቱ ግን የሚልኩት ፎቶ የላቸውም። ሲጠየቁም «እናንተ እንደምታውቁት አድርጉት» ብለው ዝም ይላሉ። በዚህ ሙያ ከቆየሁ በኋላ የያዝኩት አቋም፣ ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን መደመጥ ያለባቸው ዝም ያሉት እናት ናቸው የሚል ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ብሩ መዋል ያለበት የምታበስለው ሴት አካል በሚጎዳበት ቦታ ነው፤ ወገብ፣ ዓይን፣ ሳንባ፣ እጅ። ለዓይን የሚያምረው ነገር ከዚያ የተረፈው ገንዘብ የሚደርስበትን ያህል ይሁን።

በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተነጥሎ ከግቢው ጀርባ ይሠራ ነበር። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው፤ ማገዶ ይጨሳል፣ እሳት ይነሣል፣ ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። ችግሩ፣ ከግቢው ጀርባ የሄደ ነገር ከቤተሰቡ ሐሳብም ይርቃል። ሳሎኑ በየጊዜው ቀለም ሲቀባ ማድ ቤቱ በዚያው ጥቀርሻ ይቆያል። በቀበሌ ቤቶች ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ሲዛወሩ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ ተሰጡ። በብዙ ግቢ ውስጥ ማድ ቤቱን የተለያዩ አባወራዎች በጋራ ይጠቀሙበት ጀመር፤ የጋራ የሆነውን ለማደስ ደግሞ ማንም ቀድሞ ኪሱን አይነካም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያላችሁ፣ አንድ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ከወረዳው ፈቃድ መጠየቅን አትርሱ።

ባለፈው በጋ ጉለሌ ውስጥ የሠራሁት ማድ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ወርዱ ከ2 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር አያልፍም። ግድግዳው የጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ የተሰነጣጠቀ ሊሾ። ልጁ የላከው ገንዘብ እሱ የመረጠውን ካቢኔት ከማሠራት አያልፍም ነበር። እናቱን «እባክዎ እንደወትሮዎ ያብስሉ፣ እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ልይ» አልኳቸው። ግር ቢላቸውም ሽንኩርታቸውን ይዘው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ውሃ ከግቢው በርሜል በጆግ እየቀዱ ያመጣሉ፤ እጣቢውን በባልዲ ተሸክመው ይደፋሉ። ድስቱን ለማማሰል ወደ ምድጃው ጎንበስ ባሉ ቁጥር ፊታቸውን ከጭሱ ያዞራሉ። ቀና ሲሉ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። ሲጨርሱ «ልጄ፣ ውሃው ይግባልኝ፤ ጭሱ ይውጣልኝ። ሌላው ሲገኝ ይደረጋል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የተጻፈው የሥራ ዝርዝር በሙሉ ከዚህች ንግግር የወጣ ነው።

ጭሱን አስቀደምን። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ ጭሱን በየቀኑ የሚስቡት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ከፍ አድርገን መስኮት ከፈትን፤ ነፋስ በበሩ ገብቶ በመስኮቱ እንዲወጣ ነው። መስኮቱን የገዛነው ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው። እንጨቱ ደህና ነው፣ መስታወቱን ብቻ ቀየርን። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው አሮጌ መስኮት ዛሬ በችኮላ ከሚበየደው ቀጭን ላሜራ ይሻላል። ከጣሪያው ላይ አንዲት ቆርቆሮ አንስተን ብርሃን በሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ተካን፤ በቀን አምፖል ማብራት ቀረ። ፕላስቲኩ ከእሳቱ ትክክል በላይ እንዳይውል ግን ጥንቃቄ ያሻል። ለእንጀራው ዙሪያው የተዘጋውን ምርጥ ምድጃ አስገባን። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ይህ ምድጃ፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ማገዶ ሲቀንስ ጭስም ይቀንሳል።

ጥቀርሻ በለበሰ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ቀለም የሚቀባ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። የጭሱ ቅባት በውሃ የሚበጠበጠውን ቀለም አልፎ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ቢደገም ያው ነው። መፋቅ፣ በሙቅ ውሃና በኦሞ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ አንድ እጅ የዘይት ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። የፈለጋችሁት ቀለም ከዚያ በላይ ይመጣል። የጭቃው ግድግዳ ራሱ ልስኑ ከለቀቀ ደግሞ ጭቃውን በጭድ አቡክቶ በዚያው በጭቃ መጠገን ነው። ሲሚንቶ በጭቃ ላይ አይጸናም፤ ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቅና ይገነጠላል። ከሁሉ የከፋው እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ መያዙ ነው፤ የባሕር ዛፉ ማገር ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል።

ውሃው የበለጠ አስለፋን፤ ገንዘቡም አብዛኛው የሄደው እዚያ ነው። አሮጌው የብረት ቱቦ ውስጡ ዝጎ ጠብቦ ስለነበር ከቆጣሪው ጀምሮ በፒፒአር ቀየርነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ ባለ 500 ሊትር ሮቶ አስቀመጥን። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። 500 ሊትር ውሃ ግማሽ ቶን ይመዝናል። በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጣውላ አጋድሞ ሮቶ መስቀል አሳሳቢ አደጋ ነው፤ በየሰፈሩ ግን ይታያል። የራሱ የብረት ቋሚ፣ ለእያንዳንዱ እግርም የኮንክሪት መሠረት ይሠራለት። የሮቶው ቂጥ ከቧንቧው አፍ ቢያንስ በ2 ሜትር ከፍ ካለ ያለ ፓምፕ በደንብ ይወርዳል።

ውሃ ከገባ መውጫ ይፈልጋል፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ለእቃ ማጠቢያው ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ዘርግተን በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ አደረግን። ከዚህ ካነሰ የወጡ ቅባት ውስጡ ይረጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ወለል መቆፈር ነው። ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ሲፎን የግድ ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ቀጥሎ ቆሞ የሚሠራበት መደብ ነው። ካቢኔት የሚባለው በአብዛኛው ከቺፑድ የሚሠራ ነው፤ ቺፑድ ደግሞ ውሃ ከነካው ያብጣል። ጣሪያው በሚያፈስስና ወለሉ በየቀኑ በሚታጠብ ማድ ቤት ብዙ አይቆይም። በእሱ ፈንታ በባለ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት እግሮች አቁመን በላያቸው 7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ኮንክሪት በፌሮ ሞላን። መደቡ በራሱ እግር ስለቆመ የጭቃውን ግድግዳ አይጫነውም። ከላይ ያለበስነው ከእብነ በረድ ቤት በትራፊ ዋጋ የተገዛ ግራናይት ነው፤ ትናንሽ ቁራጭ ስለሆነ ቀለሙ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ጥንካሬው ግን ያው ነው። ሴራሚክ የለጠፍነው ከማጠቢያው ጀርባ ብቻ ነው፤ ውሃ የሚረጨው እዚያ ነዋ። ከመደቡ ሥር በር የለም፤ መጋረጃ አለ።

የመደቡን ከፍታ የለካነው በእናትየው ክንድ ነው። በገበያ የሚገኘው ልክ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ለሁሉም ሰው አይስማማም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንድን በማጠፍ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ቦታ ለመክተፍ ይመቻል። አጠር ላሉት ለእርሳቸው 80 ሆነ። የምጣዱ ቦታ ከዚያም ዝቅ ይበል። ሊጥ የምታዞር ሴት እጇ ከሞቀው ምጣድ በላይ እስከ ማዶው ጠርዝ መድረስ አለበት፤ አክንባሎውንም በእንፋሎት መሐል ታነሣለች። ከፍ ያለ ምጣድ ብብት ያቃጥላል።

ስለ መብራት ጥቂት ልበል። አሮጌ ቤት ውስጥ ለአምፖል ከተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ላይ ሶኬት ቀጥሎ ምጣድ መሰካት የተለመደ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት ማለት 16 አምፒር ያህል ነው፤ ተራ ሶኬት ከሚችለው ጫፍ ላይ ነው። ሶኬቱ የሚጠቁረው፣ ሽቦው የሚሸተው ለዚህ ነው። ለምጣዱ ከማከፋፈያው በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ይኑረው። ወለሉ እርጥብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል የመሬት መስመር የሕይወት ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ቅናሽ የሚለምነኝን ደንበኛ ሥራ አልቀበልም።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችም ይጠይቁኛል። የእነሱ ወጥ ቤት ችግር ጥበቱ ነው፤ እንጀራው በጋራ መገልገያው ሕንፃ እንዲጋገር ታስቦ የተሠራ ነውና ብዙው ሰው ምጣዱን ከትንሿ ኩሽና ሲያስገባ መስመሩም መስኮቱም አይበቃም። ለእነሱ ምክሬ አጭር ነው፦ ግድግዳ አታፍርሱ፣ መጀመሪያ የምጣዱን መስመር አስተካክሉ።

የዕቃ ዋጋ ዛሬ ብጽፈው ለሚቀጥለው ወር አይሠራም፤ ስለዚህ የምነግራችሁ ድርሻውን ነው። ካላችሁ ገንዘብ አንድ አምስተኛውን አትንኩት። የድሮ ግድግዳ ሲነካ የበሰበሰ ማገር፣ ወለል ሲቆፈር የማይታወቅ ቱቦ ይገኛል፤ ያ ገንዘብ ለእሱ ነው። ከባለሙያ ጋር ስትዋዋሉ የቧንቧና የመብራት ሥራው ተፈትኖ እስኪታይ የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ። ቱቦ ከመሸፈኑ በፊት ውሃ ተለቅቆበት ይደር፤ ፎቶም ይነሣ። ገንዘብ ከሩቅ ለሚልክ ልጅ የሚያስፈልገው ፎቶ ይኸኛው ነው።

ገንዘቡን የምትልኩ ልጆች፣ የሴራሚክ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ወደ ቤት ደውሉ። ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሲያበስሉ የት ቦታቸውን እንደሚያማቸው፣ ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ ይደክም እንደሆነ ጠይቁ። «ደህና ነው» ቢሏችሁ አትመኑ፤ አንድ ቀን ሲያበስሉ በቪዲዮ ተመልከቱ። ሥራውንም ከጥቅምት በኋላ አስጀምሩት፤ የጭቃ ልስን በክረምት አይደርቅም።