በኮምፒውተር ፕላን ሲነሣ መስመርን ስለ መምረጥ

በመቀሌና በዙሪያዋ ባለው ገጠር፣ ግድግዳው ከድንጋይ የሚሠራው፣ ጣራውም በእንጨትና በአፈር የሚከደነው ሕድሞ በብሎኬትና በቆርቆሮ ቤት እየተተካ መሄዱን ሁላችንም እናያለን። ስለዚህ አሮጌውን ቤት ለክቶ ፕላኑን ማንሣት ለሥነ ሕንፃ ተማሪ አደራ ነው፤ ቤቱ የፈረሰ ቀን የሚመሰክርለት ፕላኑ ነውና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ፕላን በአውቶካድ ሲሣል መስመርን መምረጥ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. (1963 እ.ኤ.አ.) አይቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም ሲያቀርብ፣ የሚፈልገውን መስመር በብርሃን ብዕር እየጠቆመ ለኮምፒውተሩ ያመለክት ነበር። ዛሬ በብዕሩ ፈንታ ማውስ ተተክቷል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ይኸውም «ከእነዚህ ሁሉ መስመሮች የምትፈልገው የትኛውን ነው?» የሚል ነው።

አንድ መስመር ሲሆን በማውስ መንካት ይበቃል። ብዙ ሲሆኑ ግን በሳጥን ይከበባሉ፤ ከዚህ ላይ የእጅ አቅጣጫ ትርጉም አለው። ሳጥኑ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዘረጋ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ የሚመርጠውም ሙሉ በሙሉ በውስጡ የገባውን ብቻ ነው። ይህ «መስኮት» ይባላል። ከቀኝ ወደ ግራ ሲዘረጋ ግን አረንጓዴ ይሆናል፤ ጠርዙ የነካውንም ሁሉ ጨምሮ ይወስዳል። ይህኛው «አቋራጭ» ነው።

እኔና ጓደኛዬ አንድ ሕድሞ ለክተን ስንሥል ይህን ልዩነት በስሕተት ተማርነው። የምሰሶዎቹን ክቦች 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው ለማስጠጋት ፈልገን ሳጥኑን ከቀኝ ወደ ግራ ዘረጋን፤ ጠርዙ የግድግዳውን የውስጥ መስመር ስለ ነካ እርሱም አብሮ ተዛወረ። 60 ሳንቲ ሜትር የነበረው ግድግዳ 40 ሆነ። ኮምፒውተሩ አልተቃወመም፤ ሥዕሉም ያማረ ነበር። ስሕተቱን ያገኘነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ፕላኑን ከመስክ ደብተራችን ጋር ስናመሳክር ነው። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ሐሰተኛው ግድግዳ እንደ እውነተኛ ይቀር ነበር።

እንዲህም ሲባል አቋራጩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ክፍልን ለማስረዘም «ስትሬች» የተባለውን ትእዛዝ ስንጠቀም የሚያስፈልገን እርሱ ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው የመስመሩ ጫፍ ይሄዳል፣ ከሳጥኑ ውጭ ያለው ጫፍ በቦታው ይጸናል።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ኦል» ብለን ሁሉንም ስንመርጥ፣ እንዳይታይ ብቻ ያጠፋነው ሌየር ላይ ያለው መስመርም አብሮ ይመረጣል። የማይመረጠው ፍሪዝ በተደረገ ወይም በተቈለፈ ሌየር ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ያላየነውን ልንሰርዝ እንችላለን።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ልማድ ይጠቅማል፤ አንደኛ፣ ተለክቶ ያለቀውን ግድግዳ በራሱ ሌየር አድርጎ መቈለፍ፤ ሁለተኛ፣ ከመዛወር በፊት የተመረጠውን ብዛት በፕሮፐርቲስ ሰሌዳ ላይ ማየትና ያልተፈለገውን በሺፍት ቁልፍ ማስወጣት፤ ሦስተኛ፣ የመስክ ደብተርን አለመጣል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አይሠራምና፣ ስለ ቤቱ እውነት ተጠያቂው ለክቶ የሣለው ሰው ነው።