የዱባ ኩኪስ ለምን እንደ ኬክ ያብጣል?

አሜሪካኖች ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ዱባን በቀረፋ፣ በዝንጅብል፣ በገውዝና በቅርንፉድ አጣፍጠው ኩኪስ ይጋግራሉ። ቅመሞቹ ከእኛም ገበያ አይጠፉም። ግን ብዙ ጊዜ ከምድጃ የሚወጣው ለስለስ ብሎ የሚታኘክ ኩኪስ ሳይሆን ያበጠ ኬክ ነው።

ምክንያቱ ውሃ ነው። ከተቀቀለ ዱባ ክብደት 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1600 እጥፍ በላይ ይሰፋል (ቴርሞዳይናሚክስ የወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ)፤ ሊጡን ይነፋዋል። የእንቁላሉ ነጭ ደግሞ ያበጠውን እንዳበጠ ያደርቀዋል። ስለዚህ 80 ግራም የተፈጨ ዱባ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን ግማሽ እስኪቀረው እንጨምቃለን፤ ከእንቁላሉም አስኳሉን ብቻ እንወስዳለን። 115 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጠን ካበረድን በኋላ 150 ግራም ቡናማ ስኳር (በነጭ ባይተካ ይሻላል፤ ሞላሰሱ እርጥበት ይይዛል)፣ 190 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ከሌሎቹ ቅመሞች ቆንጠር አድርገን እናዋህዳለን። በ175 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። መሐሉ ገና ያልበሰለ ቢመስልም ይውጣ፤ ሲበርድ ይጠነክራል።

ቫኒላ የምትጨምሩ መለያውን አንብቡ። በአሜሪካ ደንብ «ቫኒላ ኤክስትራክት» የሚባለው ፈሳሽ ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል አለው። እኛ የቫኒላ ዱቄት እንጠቀማለን፤ ቀረፋው ደህና ከሆነ ግን ያለ ቫኒላም ያምራል።