ዳግም የሚታጠበው ፎቶ

ካነን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኢኦኤስ 300ዲ ካሜራ ዋጋው ከ1,000 ዶላር በታች ስለነበር ብዙ አማተሮችን ከፊልም ወደ ዲጂታል አሻግሯል። ዛሬ 6.3 ሜጋፒክስል ሲባል ፈገግ ያሰኛል። የብርሃን ትብነቱ (አይኤስኦው) 1600 ላይ ሲደርስማ የፎቶው ጨለማ ክፍል በቀለም ነጠብጣብ ይወረራል። ያም ሆኖ ያኔ ፎቶውን በሮው፣ ማለትም በጥሬ ፋይል፣ ያስቀመጠ ሰው አሁን ቢከፍተው፣ ያን ጊዜ ካየው የተሻለ ምስል ሊያወጣበት ይችላል።

ካሜራው ጄፔግ ሲያስቀምጥ የቀለሙንና የብርሃኑን ነገር ራሱ ወስኖ የቀረውን ይጥላል። ሮው ግን ሴንሰሩ የለካውን ብርሃን ስለሚይዝ፣ ኔጋቲቭ ይዞ ፎቶ ቤት እንደመመለስ ነው። ለአንድ ቀለም ጄፔግ 256 ደረጃ ሲኖረው፣ ባለ 12 ቢቱ የ300ዲ ሮው 4,096 አለው።

ዋናው ምስጢር ግን ሌላ ነው። በአብዛኞቹ ሴንሰሮች ላይ የኮዳኩ ብራይስ ባየር የፈጠረውና በ1976 ፓተንት ያገኘው የቀለም ማጣሪያ ተነጥፏል። አንዷ ፒክስል የምትለካው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ነው፤ የጎደሉትን ሁለቱን ከጎረቤቶቿ ተነስቶ የሚገምተው ሶፍትዌሩ ነው። እናም በፎቶው ላይ ከምናየው ቀለም ሁለት ሦስተኛው ግምት ነው! ገማቹ በበሰለ ቁጥር ያው ፋይል ሌላ መልክ ያወጣል።

አዶቤ በ2021 በላይትሩምና በፎቶሾፕ ያስገባው «ሱፐር ሬዞሉሽን» ቁመቱንም ወርዱንም በእጥፍ ያሳድጋል፤ የ300ዲው 3072 በ2048 ፎቶ 6144 በ4096 ይሆናል። በ2023 የመጣው «ዲኖይዝ» ደግሞ ነጠብጣቡን ይጠርጋል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ ላይትሩም ድሮ በእሱ ኤዲት የተደረገን ፎቶ ባለቤቱ ሳያውቅ እንዳይለውጥ በድሮው አሠራር ያቆየዋል። ስለዚህ «ፕሮሰስ ቨርዥን» የሚለውን ወደ አዲሱ መቀየርና የያኔውን ኤዲት፣ በተለይ ያኔ የተወደደውን የተጋነነ ቀለም፣ አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር ይሻላል።

ተአምር ግን አይጠበቅም። ፍጹም ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ሰማይ አይመለስም፤ ፎከስ የሳተ ዓይንም እንዲሁ። ዲኖይዝ ሲበዛበት የሰው ቆዳ ፕላስቲክ ይመስላል፤ ትንሽ ነጠብጣብ መተው ይመረጣል።

ለሶፍትዌር መክፈል የማይፈልግም አማራጭ አያጣም፤ ዳርክቴብል የተባለው ነፃ ፕሮግራም የ300ዲውን ፋይል ዛሬም ይከፍታል።