ስለ «ፀረ እንግዳ አካል»ና ስለ «ተቀባይ»፦ ከኅብረ ሕዋስ ምርመራ የተነሣ የስያሜ ጥያቄ

በሕክምና ሳይንስ መስክ አማርኛን የሚገጥመው ችግር ሁልጊዜ የቃል እጦት አይደለም። ስያሜው ተገኝቶ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ገብቶ፣ በሕዝብም ዘንድ ከታወቀ በኋላ ሳይንሱ ቀድሞት ሲሄድ፣ ቃሉና የተሰየመው ነገር ሳይገጣጠሙ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። «ፀረ እንግዳ አካል» የሚለው የአንቲቦዲ ስያሜ ለዚህ ምሳሌ ሊሆነን ይችላል። ስያሜውን የምንመረምረው በአንድ የታወቀ አገልግሎቱ ላይ ተመሥርተን ነው፤ ይኸውም በጡት ካንሰር ኅብረ ሕዋስ ውስጥ የኤስትሮጅንን ተቀባይ ፕሮቲን ፈልጎ ማሳየት ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሠቱት የካንሰር ዓይነቶች በብዛቱ ቀዳሚ በመሆኑ፣ የዚህ ምርመራ ውጤት ለታካሚና ለቤተ ዘመድ በአማርኛ መነገሩ አይቀርም።

በመጀመሪያ ነገሩን እንግለጽ። ኤስትሮጅን በደም አማካይነት ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የሚደርስ ሆርሞን ነው። ሥራውን የሚሠራው በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ከሚገኝ አንድ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ነው። የዚህን ፕሮቲን መኖር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኤልውድ ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ራዲዮአክቲቭ ምልክት በተደረገበት ሆርሞን አማካይነት ደረሰበት። ከሆርሞኑ ጋር የተጣመረው ፕሮቲን የተወሰኑ ጂኖችን ሥራ ይቆጣጠራል፤ የካንሰሩ ሕዋሳት ይህ ፕሮቲን ካላቸው ሆርሞኑ ለእድገታቸው ሊያግዛቸው ይችላል። ታሞክሲፌን የተባለው መድኃኒት በፕሮቲኑ ላይ የሆርሞኑን ቦታ በመያዝ ይህን እድገት ይገታል። ፕሮቲኑ በሌለበት ግን መድኃኒቱ የሚይዘው ቦታ የለም። ስለዚህ «ፕሮቲኑ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ ለሕክምናው መንገድ ወሳኝ ነው።

ለጥያቄው መልስ የሚገኘው በአንቲቦዲ ነው። ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስቲን እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ወጥ የሆነ አንቲቦዲ ያለማቋረጥ የሚያመነጩ ሕዋሳትን ለማዘጋጀት ቻሉ። በዚሁ ዘዴ ጆፍሪ ግሪን፣ ጄንሰንና ባልደረቦቻቸው የሰውን የኤስትሮጅን ተቀባይ ፕሮቲን ለይተው የሚይዙ አንቲቦዲዎችን ከአይጥ ሕዋሳት አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1980 አስታወቁ። በምርመራው ጊዜ ከታካሚዋ የተወሰደው ኅብረ ሕዋስ እንዳይበላሽ በፎርማሊን ይጠበቃል፤ በሰም ተይዞ እጅግ በስሱ ይቆረጣል፤ በመስተዋት ላይ ከተዘረጋ በኋላም አንቲቦዲው ይጨመርበታል። አንቲቦዲው ፕሮቲኑን ባገኘበት ስፍራ ይጣበቃል፤ ቀጥሎ በሚጨመሩት ኤንዛይምና ኬሚካል አማካይነት ስፍራው ቡናማ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት ፕሮቲኑ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ እንደሚገኝ ያሳየው በእነዚህ አንቲቦዲዎች ነበር።

አሁን ወደ ስያሜው እንመለስ። «ፀር» በግእዝ ጠላት ማለት ነው። «ፀረ እንግዳ አካል» የሚለው ሐረግ ሁለት አፈታት አለው፤ አንደኛው «የእንግዳ አካል ጠላት»፣ ሁለተኛው «እንግዳን የሚቃወም አካል» የሚል ነው። በሁለቱም አፈታት ግን ጠላትነትና እንግዳነት አይቀሩም። ስለ ክትባትና ስለ ተላላፊ በሽታ ሲነገር ይህ ተገቢ ነው። ከላይ ባየነው ምርመራ ግን የሚፈለገው ፕሮቲን የታካሚዋ የራሷ ነው፤ በጤናማ የጡት ኅብረ ሕዋስም ይገኛል። እንግዳነቱ አንቲቦዲው ለተገኘባት አይጥ እንጂ ለታካሚዋ አይደለም። አንቲቦዲውም በዚህ ስፍራ የሚዋጋው ነገር የለም፤ ሥራው መጠቆም ብቻ ነው። «ኅብረ ሕዋስዎ በፀረ እንግዳ አካል ተመርምሯል» የተባለች ሴት በሰውነቷ ተላላፊ ነገር የገባ ቢመስላት አይፈረድባትም።

ስለዚህ «ፀረ እንግዳ አካል» ሰውነት ራሱን ለሚከላከልበት ፕሮቲን እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ለቤተ ሙከራው መሣሪያ «ጠቋሚ አንቲቦዲ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «አመልካች» የሚለውን ያልመረጥነው በፍርድ ቤትና በጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አቅራቢውን ስለሚገልጽ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ተቀባይ» ነው። «ተቀበለ» ከሚለው ግሥ የወጣ የአድራጊ ስም ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሰውን ያመለክታል፤ ደብዳቤ ተቀባይ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ደም ተቀባይ እንላለን። በዚህ ልማድ «ሆርሞን ተቀባይ ታካሚ» ሲባል ሆርሞን በመድኃኒት መልክ የሚሰጣት ሴት ትመስላለች። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሕክምናው የሆርሞኑን ሥራ የሚገታ ነው። ቃሉን መለወጥ አያሻም፤ «ሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲን» ተብሎ ሳይቈረጥ ቢነገርና ቢጻፍ ይበቃል።

ሦስተኛው የውጤቱ አገላለጽ ነው። «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል በአገራችን ለብዙ ዓመታት ከኤች አይ ቪ ምርመራ ጋር ተያይዞ ስለኖረ፣ ያለ ማብራሪያ ሲነገር ድንጋጤን ያስከትላል። ከዚህም በላይ ልዩነትን ይሸፍናል። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞችና የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት መመሪያ፣ ከካንሰሩ ሕዋሳት አስኳሎች ቢያንስ 1 ከመቶው ቀለም ከያዘ ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታደሰው መመሪያ ደግሞ ከ1 እስከ 10 ከመቶ ያለውን «ዝቅተኛ» በማለት ለይቶታል። እንግዲህ 2 ከመቶና 90 ከመቶ በአንድ ቃል መጠራታቸው አያጠግብም። «ሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲን ተገኝቷል፤ መጠኑ 90 ከመቶ» ወይም «አልተገኘም» ቢባል ሁሉም የሚረዳው ይሆናል።

እነዚህ ሦስት ሐሳቦች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። የሕክምና ባለሙያዎች፣ የሥነ ሕይወት መምህራን፣ እንዲሁም በውጭ አገር በየሆስፒታሉ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚያስተረጕሙ ወገኖች ቃላቱን በሥራቸው ላይ ፈትነው፣ የሚሻል ካገኙም ከነምክንያቱ እንዲያካፍሉን እንጠይቃለን።